ያረጀ የድምፅ ሞጁል ፓወር ሰፕላይ አጠጋገን፦ ከስፒናው እስከ 5 ቮልቱ

የተቃጠለ ፊውዝ ቀይሮ መሣሪያውን እንደገና ማብራት ቀላል ሥራ ነው፤ ይሁን እንጂ ፊውዝ ያለ ምክንያት አይቃጠልምና ምክንያቱ ሳይታወቅ የተተካው አዲስ ፊውዝ ወይ ያንኑ ዕጣ ይከተላል፣ ወይም ከእሱ በስተጀርባ ያለውን ውድ ዕቃ ለአደጋ ያጋልጣል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ የተሠሩትን፣ የራሳቸው ቁልፍ ሰሌዳ ሳይኖራቸው ከኪቦርድ ወይም ከኮምፒውተር በሚዲ ገመድ ትእዛዝ እየተቀበሉ ድምፅ የሚያወጡትን ሞጁሎች ነው። በ1987 የወጣው ያማሃ ቲኤክስ 81ዚ እና በ1988 የወጣው ሮላንድ ዲ-110 የዚህ ወገን ጥሩ ምሳሌዎች ናቸው። በነዚህ መሣሪያዎች ውስጥ ያለው የድምፅ ቺፕ ፋብሪካው ለራሱ መሣሪያዎች ብቻ ብሎ ያመረተው ስለሆነ ዛሬ አዲሱን ከሱቅ መግዛት አይቻልም። የፓወር ሰፕላዩ፣ ማለትም ከሶኬት የመጣውን መብራት ለመሣሪያው በሚስማማ ቮልት የሚያዘጋጀው ክፍል፣ ዕቃዎች ግን በየትኛውም የሬዲዮ ጠጋኝ መሳቢያ ውስጥ የሚገኙ፣ ርካሽና የታወቁ ናቸው። ስለዚህ ጠጋኙ በእያንዳንዱ ደረጃ ሊያስበው የሚገባው ርካሹ ዕቃ ውድ የሆነውን ይዞ እንዳይሄድ ነው።

ክዳኑ ሲከፈት በአንድ ጥግ ከባድ የብረት ትራንስፎርመር፣ ከጎኑም ጥቂት ትልልቅ ካፓሲተሮች (ቻርጅ የሚያከማቹ ዕቃዎች) እና በአሉሚኒየም ላይ የታሰሩ ባለ ሦስት እግር ሬጉሌተሮች (ቮልቱን በአንድ መጠን የሚያጸኑ ዕቃዎች) ከታዩ፣ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይሠራል። በአንጻሩ ትንሽና ቀላል ትራንስፎርመር ያለበት፣ ከሶኬት የመጣውን፣ አቅጣጫው የሚቀያየረውን መብራት (ኤሲ) በቀጥታ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ወደሚሄደው (ዲሲ) የሚለውጥ ስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ ከሆነ፣ በውስጡ ያለው ትልቁ ካፓሲተር በ220 ቮልት መስመር ላይ ወደ 310 ቮልት የሚጠጋ ዲሲ ይይዛልና በዚህ መመሪያ ብቻ መነካካት የለበትም። እንደ ሮላንድ ኤምቲ-32 ያሉት ደግሞ ትራንስፎርመራቸው ከሳጥኑ ውጭ፣ በአዳፕተር ውስጥ ነው። የዚህ ሞጁል አዳፕተር 9 ቮልት ዲሲ የሚሰጥ ሲሆን የመሰኪያው መሃል ኔጌቲቭ ነው። ዛሬ በገበያ ያለው አዳፕተር በአብዛኛው መሃሉ ፖዘቲቭ ስለሆነ፣ ሞተ ተብሎ የሚመጣ የዚህ ዓይነት መሣሪያ ሲያጋጥም በመጀመሪያ መታየት ያለበት ባለቤቱ የትኛውን አዳፕተር ሲሰካበት እንደነበረ ነው።

ከመክፈት በፊት የሚነበበው ጽሑፍ

በመሣሪያው ጀርባ፣ ገመዱ በሚገባበት አካባቢ፣ ስንት ቮልት እንደሚፈልግ ተጽፏል። ለጃፓን ገበያ የተሠራው 100 ቮልት፣ ለአሜሪካ የተሠራው 117 ወይም 120 ቮልት፣ ለአውሮፓ የተሠራው 220 ወይም 240 ቮልት ይላል። የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለጥገና ከሚቀርቡት የድሮ ሞጁሎች መካከል ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣ ያመጣቸው ጥቂት አይደሉምና ይህ በጀርባው ያለው ጽሑፍ ሳይነበብ ምንም ነገር መሰካት የለበትም። አንድ ጊዜ እጄ የገባ ሞጁል ጠፍጣፋ ጥርስ የነበረው የፋብሪካ ስፒናው ተቆርጦ በምትኩ ክብ ጥርስ ያለው ታስሮለት ነበር፤ ያሰረው ሰው የመሰለው ችግሩ የስፒናው ቅርጽ ብቻ እንደሆነ ነው። እንዲህ ባለ ሁኔታ ትራንስፎርመሩ ከሚገባው 1.8 እጥፍ ያህል ቮልት ይቀበላል። 9 ቮልት ያወጣ የነበረው ወገን 16 ቮልት ተኩል ገደማ ያወጣል፤ ያም ዲሲ ሲሆን ከ20 ቮልት በላይ ይደርሳል። 16 ቮልት የተጻፈበት ካፓሲተር አናቱ የሚያብጠው በዚህ ምክንያት ነው።

የ120 ቮልት መሣሪያን በ220 ቮልት አገር ለማሠራት ትክክለኛው መንገድ ብረትና መዳብ ያለበት፣ ቮልቱን የሚያወርድ ከባድ ትራንስፎርመር ነው። ለፀጉር ማድረቂያና ለመሳሰሉት ማሞቂያዎች የሚሸጠው ቀላል የጉዞ መቀየሪያ ሞገዱን እየቆራረጠ ስለሚልከው ለሙዚቃ መሣሪያ አይሆንም። ይህን ካልኩ አይቀር አንድ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር ልጨምር፦ ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። ለ60 ኸርዝ ብቻ ታስቦ የተሠራ መሣሪያ በ50 ኸርዝ ላይ ሲሠራ፣ ቮልቱ ትክክል ቢሆንም እንኳ በብረቱ ውስጥ የሚያልፈው መግነጢስ በ20 በመቶ ስለሚጨምር ትራንስፎርመሩ ከወትሮው የበለጠ ይሞቃል። ጀርባው ላይ 50/60 ኸርዝ የሚል ከተጻፈ ሐሳብ አይግባዎት።

መሣሪያዎችና ጥንቃቄ

የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ኤሲ፣ ዲሲ፣ ኦም (የከረንት መቋቋሚያ መለኪያ) እና ዳዮድ (ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) የሚለካ ዲጂታል መልቲሜትር፣ ሙቀቱ የሚስተካከል መበየጃ፣ የብየዳ ሊድ፣ የሊድ መምጠጫ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ንጹሕ አልኮልና ለብየዳ ቦታው ብሩሽ ይበቃሉ። የካፓሲተር መለኪያ ቢኖር ሥራውን በጣም ያፋጥነዋል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን በእጅ የሚሠራና ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ ነገር እንዲያዘጋጁ እመክራለሁ፤ እሱም ከመሣሪያው ጋር በተከታታይ የሚታሰር አምፖል ነው። ወደ መሣሪያው ከሚሄዱት ሁለት የመብራት ሽቦዎች አንዱ ተቆርጦ በመካከሉ 40 ወይም 60 ዋት አምፖል በሆልደር ይገባል። አምፖሉ ፈትል ያለው የድሮው ዓይነት መሆን አለበት፤ ኤልኢዲ አይሠራም። በመሣሪያው ውስጥ ሾርት፣ ማለትም መገናኘት የሌለባቸው መስመሮች መገናኘት፣ ካለ አምፖሉ ሙሉ ብርሃን ይሰጣል፣ ከረንቱንም እሱ ስለሚገድበው ምንም ነገር አይቃጠልም። መሣሪያው ጤነኛ ከሆነ አምፖሉ በማብሪያው ቅጽበት ብልጭ ብሎ ወደ ደብዛዛነት ይመለሳል። በዚህ አምፖል ምክንያት ያዳንኳቸውን ትራንስፎርመሮች ብዛት ሳስብ፣ ያለ እሱ መሣሪያ መሰካት ዓይንን ጨፍኖ መንገድ እንደ መሻገር ይመስለኛል።

መብራቱ በሚገባበት ወገን፣ ማለትም በገመዱ፣ በፊውዙ፣ በማብሪያ ማጥፊያውና በትራንስፎርመሩ መግቢያ ላይ፣ የሚገድል ቮልት አለ። ብዙዎቹ ሞጁሎች ማብሪያቸው ከፊት ለፊት ስለሆነ 220 ቮልቱ በሳጥኑ ውስጥ ከጀርባ እስከ ፊት ይጓዛል፤ መሣሪያው ቢጠፋም ስፒናው እስካልተነቀለ ድረስ እዚያ አለ። ስለዚህ እጅ ወደ ውስጥ የሚገባው ስፒናው ተነቅሎ፣ በዓይን ታይቶ ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጠ በኋላ ብቻ ነው። መብራት ኖሮበት መለካት ግድ ሲሆን የመልቲሜትሩ ጥቁር ገመድ በአዞ አፍ ቆንጣጭ ከግራውንድ (ቮልቶቹ ሁሉ ከእሱ አንጻር ከሚለኩበት የዜሮ መስመር) ጋር ይያያዝና በአንድ እጅ ብቻ ይለካል፤ ሌላው እጅ ከመሣሪያው ይራቅ። ስፒናው ከተነቀለ በኋላም በትልልቆቹ ካፓሲተሮች ውስጥ ቻርጅ ስለሚቀር 100 ኦም፣ 5 ዋት የሆነ ሬዚስተር ለ5 ሰከንድ ያህል በሁለቱ እግሮች ላይ በማስነካት ባዶ ማድረግ ይገባል። በካቻቢቴ ማገናኘት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ፍንጣሪው የቦርዱን መስመር ይጎዳል።

በመጨረሻም በዋናው ቦርድ ላይ ብዙውን ጊዜ ሲአር 2032 የሆነች የ3 ቮልት ባትሪ አለች። ባለቤቱ ለዓመታት ያዘጋጃቸውን ድምፆች ይዛ የቆየችው እሷ ናት። ፓወር ሰፕላዩ ሲሞትም ማስታወሻው አይጠፋም፤ የሚጠፋው ጠጋኙ ባትሪዋን “እግረ መንገዴን ልቀይራት” ብሎ ሲነቅላት ነው። ባትሪዋ ብትደክምም እንኳ በቅድሚያ ፓወር ሰፕላዩ ተጠግኖ፣ ድምፆቹ በሚዲ ወደ ኮምፒውተር ተቀድተው፣ ከዚያ በኋላ ትቀየር።

ምልክቱ ምን ይላል?

መሣሪያው ከመከፈቱ በፊት የሚያሳየው ጠባይ ግማሹን ሥራ ይሠራል። የዚህ ዘመን ሞጁል በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ኃይል ይፈልጋል፤ ለአንጎሉና ለዲጂታል ቺፖቹ ፖዘቲቭ 5 ቮልት፣ ድምፁን ለሚያጎሉት ኦፕ አምፖች ደግሞ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ 12 ወይም 15 ቮልት። ከዚህ በመነሣት ምንም የማይበራ ከሆነ ችግሩ ያለው በመብራት መግቢያው ወይም በ5 ቮልቱ ወገን ነው። ስክሪኑ በርቶ፣ ቁልፎቹ ታዝዘው፣ የሚዲ መብራቱም ብልጭ እያለ ድምፅ ብቻ ከጠፋ፣ ወይም የሚወጣው ድምፅ የተሰነጠቀና ማብሪያው ሲነካ ስፒከሩን “ዱብ” የሚያደርግ ከሆነ፣ ከሁለቱ የድምፅ መስመሮች አንዱ፣ ብዙ ጊዜ ኔጌቲቩ፣ ጎድሏል። ስክሪኑ በርቶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ራሱን አጥፍቶ እንደገና የሚጀምር ከሆነ 5 ቮልቱ እየወረደ ነው። ከሙዚቃው ሥር ወፍራም የሆነና የማያቋርጥ “እምም” የሚል ድምፅ ከተሰማ ደግሞ ጥርጣሬው በቀጥታ ወደ ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ይሄዳል። በ50 ኸርዝ መብራት ላይ ይህ ድምፅ 100 ኸርዝ ነው፤ የባስ ክራርን ወፍራም ጅማት የሚያስታውስ ጎርናና ቃና አለው። ስክሪኑ ብቻ ደብዝዞ ሌላው ሁሉ ደህና ከሆነ ግን በአንዳንዶቹ ሞጁሎች የኋላ ብርሃኑ ራሱ በዕድሜ የሚደክም ዓይነት ስለሆነ ፓወር ሰፕላዩን መክሰስ አይገባም።

ከመግቢያው ጀምሮ መለካት

ስፒናው ተነቅሎ ሳለ ማብሪያው ወደ በርቷል ይደረግና በስፒናው ሁለት ጥርሶች መካከል ኦም ይለካል። ከአሥር እስከ ጥቂት መቶ ኦም ከተነበበ ገመዱ፣ ፊውዙ፣ ማብሪያውና የትራንስፎርመሩ መግቢያ ጥቅል ሁሉም ደህና ናቸው፤ በአንድ ልኬት አራት ዕቃ ተመረመረ ማለት ነው። ምንም ካልተነበበ ከነዚህ አራቱ አንዱ ተቋርጧልና አንድ በአንድ ይለካሉ። ፊውዙን በዓይን ማየት አይበቃም፤ ነገር ግን መስታወቱ የሚናገረው ነገር አለ። ውስጡ ጠቁሮ ወይም እንደ መስተዋት አብረቅርቆ ከተገኘ ከባድ ሾርት አልፎበታል። ሽቦው መሃሉ ላይ ቀስ ብሎ የቀለጠ ከሆነ ግን ምናልባት ከዕድሜና ከመጠነኛ ጭነት የመጣ ነው። በመጀመሪያው ሁኔታ አዲስ ፊውዝ ከመግባቱ በፊት ሾርቱ መገኘት አለበት። የሚተካውም ፊውዝ አምፔሩ በቦርዱ ላይ የተጻፈው ይሁን፤ ትራንስፎርመር ሲበራ ለቅጽበት ብዙ ከረንት ስለሚስብም በቲ ፊደል የሚታወቀው ዘገምተኛው ዓይነት ይሁን። በፊውዝ ቦታ የሲጋራ ብርም ሆነ የመዳብ ክር ማሰር ቤት የማቃጠል ያህል ነው።

ፊውዙ ደህና ሆኖ የትራንስፎርመሩ መግቢያ ምንም ኦም ካላሳየ ወዲያው አይጣል። ብዙዎቹ በመጠቅለያው ቴፕ ሥር ትንሽ የሙቀት ፊውዝ አላቸው፤ ትራንስፎርመሩ ከልክ በላይ ሲሞቅ ይቆረጣል፣ አንዴ ከተቆረጠም አይመለስም። ቴፑን በጥንቃቄ ገልጦ ማግኘት ከተቻለ በላዩ የተጻፈው ዲግሪ ተነብቦ በተመሳሳይ ይተካል። ሲበየድ እግሩ በፒንሳ ተይዞ ሙቀቱ ወደ ፒንሳው መሸሽ አለበት፤ አለዚያ አዲሱ ገና ሥራ ሳይጀምር በመበየጃው ይቆረጣል። አልፎ ማገናኘት ግን ትራንስፎርመሩን ያለ ጠባቂ መተው ነው። ከትራንስፎርመሩ 0፣ 100፣ 120፣ 220፣ 240 የሚሉ ጽሑፎች ያሏቸው ብዙ ሽቦዎች ከወጡና ጥቅም ላይ ያልዋሉት ተሸፍነው ከተቀመጡ፣ እሰየው፤ መሣሪያውን ወደ 220 ማዞር ይቻላል። ይህ ሲደረግ የፊውዙ አምፔር ለ120 ቮልት ከነበረው በግማሽ መቀነስ አለበት።

ቀጥሎ ዋናውን ቦርድ ከፓወር ሰፕላዩ የሚያገናኘው ኮኔክተር ይነቀላል። ይህ በዚህ መመሪያ ውስጥ ካሉት ሁሉ ዋነኛው እርምጃ ነው። የተበላሸ ሬጉሌተር መግቢያውን ከመውጫው አገናኝቶ ሊሞት ይችላል፤ ያን ጊዜ 5 ቮልት የለመዱት ቺፖች 11 ቮልት ይቀበላሉ፣ ከዚያም በኋላ የሚጠገን ነገር አይኖርም። ፓወር ሰፕላዩ ብቻውን ሆኖ ስፒናው በአምፖሉ በኩል ይሰካና ይለካል። የትራንስፎርመሩ መውጫ ኤሲ 9 ቮልት ከሆነ፣ ኤሲውን ወደ ዲሲ ከሚለውጠው የአራት ዳዮዶች ብሪጅ በኋላ በካፓሲተሩ ላይ 11 ቮልት ገደማ ዲሲ መገኘት አለበት፤ ኤሲው በ1.41 ተባዝቶ ሁለቱ ዳዮዶች የሚበሉት 1.4 ቮልት ያህል ይቀነሳል። ትራንስፎርመሩ ኤሲ እየሰጠ ከብሪጁ ዲሲ የማይወጣ ከሆነ፣ ወይም አምፖሉ ሙሉ ብርሃን ከሰጠ፣ ስፒናው ተነቅሎ ዳዮዶቹ በመልቲሜትሩ የዳዮድ ቦታ ይለካሉ። ደህናው በአንድ አቅጣጫ ከ0.5 እስከ 0.7 ቮልት ያሳያል፣ ሲገለበጥ ምንም አያሳይም። በሁለቱም አቅጣጫ ዜሮ ያሳየው ፊውዙን ያቃጠለው ነው።

የካፓሲተሮቹ ጉዳይ

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንቆይ፤ ምክንያቱም ከ30 ዓመት በላይ በቆየ መሣሪያ ውስጥ ለብልሽት ቅርብ የሆነው ዕቃ ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ነው። በውስጡ ያለው ፈሳሽ በሙቀትና በጊዜ እየደረቀ አቅሙ ይቀንሳል። በተለምዶ የሚሠራበት ሕግ የሙቀቱ መጠን በ10 ዲግሪ ሲቀንስ ዕድሜው በእጥፍ ይጨምራል የሚል ነው። የፋብሪካው ንድፍ ካፓሲተሩን ከሬጉሌተሩ አሉሚኒየም ጎን ካስቀመጠው እንግዲህ ቀድሞ የሚደርቀው እሱ ይሆናል።

የአቅሙ መቀነስ ለምን መሣሪያውን እንደሚያጠፋው በቁጥር ማየት ይቻላል። ከብሪጁ የሚወጣው ዲሲ ቀጥ ያለ ሳይሆን በሰከንድ 100 ጊዜ ከፍ ዝቅ የሚል ነው፤ ካፓሲተሩ በሁለቱ ከፍታዎች መካከል ያለውን ጎድጓዳ ይሞላል። የሚቀረው ውጣ ውረድ፣ ባለሙያዎች ሪፕል የሚሉት፣ በግምት ከረንቱን ለ100 እና ለካፓሲተሩ ፋራድ በማካፈል ይገኛል። ሞጁሉ ከ5 ቮልቱ መስመር 0.6 አምፔር የሚስብና ካፓሲተሩ 3300 ማይክሮፋራድ ከሆነ ሪፕሉ 1.8 ቮልት ያህል ነው። 11.3 ቮልት የነበረው ዝቅ ሲል 9.5 ይደርሳል ማለት ነው፤ 7805 የተባለው ሬጉሌተር ከመውጫው 2 ቮልት ያህል የሚበልጥ መግቢያ ስለሚፈልግ በ7 ቮልትም ይሠራልና ችግር የለም። ያው ካፓሲተር ደርቆ 1000 ማይክሮፋራድ ሲቀረው ግን ሪፕሉ ወደ 6 ቮልት ይጠጋል፣ ጎድጓዳውም ከ7 ቮልት በታች ይወርዳል፤ አንጎሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ኃይል ይጎድልበትና ራሱን እንደገና ያስጀምራል። ይህን ብልሽት አሳሳች የሚያደርገው መልቲሜትር በዲሲ ላይ ሲሆን አማካዩን ብቻ ስለሚያሳይ 4.8 ወይም 4.9 ቮልት አንብቦ ጠጋኙን “ደህና ነው” ማሰኘቱ ነው። ስለዚህ መሣሪያው ጭነት ይዞ፣ ማለትም ዋናው ቦርድ ተገናኝቶ፣ እየሠራ ሳለ መልቲሜትሩ ወደ ኤሲ ይዞርና ያው ቦታ እንደገና ይለካ። በሬጉሌተሩ መውጫ ላይ የሚነበበው ኤሲ ጥቂት ሚሊቮልት መሆን አለበት፤ በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊቮልት ከተገኘ ጥፋተኛው ታውቋል።

ሲተካ ካፓሲተሩ 105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚችል ይሁን፤ ቮልቱ ከነባሩ እኩል ወይም በአንድ ደረጃ ከፍ ያለ፣ ማይክሮፋራዱም እኩል ወይም በጥቂቱ የበለጠ ይሁን። “ትልቅ ከሆነ ይሻላል” ብሎ ሦስት እጥፍ ማስገባት ሲበራ የሚሳበውን ከረንት አብዝቶ ዳዮዶቹንና ፊውዙን ያስቸግራል። ከመርካቶም ሆነ ከሌላ ቦታ የተገዛ አዲስ ካፓሲተር ከመበየዱ በፊት ይለካ፤ በትልቅ ቆርቆሮ ውስጥ ትንሽ ካፓሲተር የያዘ የማስመሰያ ዕቃ በገበያ አለ፣ ለመጠኑ ቀላል የሆነ ክብደቱም ያጋልጠዋል። ከአሮጌ ቴሌቪዥን የተነቀለውን መልሶ መጠቀም ትርፉ ድካም ነው፣ ምክንያቱም እሱም የራሱን ዕድሜ ጨርሷል።

አሮጌውን ከመንቀልዎ በፊት ቦርዱን በስልክዎ ፎቶ ያንሡ። በካፓሲተሩ ጎን ያለው መስመር ኔጌቲቩን እግር ያመለክታል፤ በቦርዱ ላይ የታተመው ምልክት ግን በአንዳንዱ ፖዘቲቩን፣ በሌላው ኔጌቲቩን ስለሚያሳይ ከፎቶው ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል። በኔጌቲቭ መስመር ላይ ያለው ካፓሲተር ፖዘቲቭ እግሩ ወደ ግራውንድ እንደሚገባም አይዘንጉ፤ እኔ ራሴ በጀማሪነቴ አንዱን ገልብጬ በይጄ ፍንዳታው ለሳምንት ያህል ጆሮዬ ላይ ቀርቶ ነበር። መበየጃው ወደ 350 ዲግሪ ገደማ ይሁን፤ ሊዱ ሙሉ በሙሉ ሳይመጠጥ እግሩን መጎተት ከሥሩ ያለውን የመዳብ መስመር ይዞ ይነሣል። ድሮ ብዙ የጃፓን ፋብሪካዎች ትልልቆቹን ካፓሲተሮች ከቦርዱ ጋር የሚያጣብቁበት ቢጫ ሙጫ ነበራቸው። ሙጫው በሙቀት ብዛት ቡናማ ሲሆን የሽቦ እግሮችን ይበላል፣ አልፎ ተርፎም ከረንት ያስተላልፋል። ቡናማ ሆኖ ከተገኘ በእንጨት ስንጥርና በአልኮል ሙልጭ ተደርጎ ይጽዳ፣ ሥሩ ያሉት የሬዚስተርና የዳዮድ እግሮችም ይመርመሩ።

ሬጉሌተሮቹ

የ7805 መውጫ ከ4.8 እስከ 5.2 ቮልት፣ የ7812 መውጫ ከ11.5 እስከ 12.5 ቮልት መካከል መሆን አለበት። መግቢያው በቂ ሆኖ መውጫው ከዚህ ከወጣ፣ ጭነቱም ተነቅሎ ሳለ ካልተስተካከለ፣ ሬጉሌተሩ ይቀየራል። ጭነቱ ሲነቀል ተስተካክሎ ሲመለስ የሚወርድ ከሆነ ግን ሬጉሌተሩ ራሱን ከሾርት እየጠበቀ ስለሆነ ጥፋቱ በዋናው ቦርድ ላይ ይፈለግ። ሬጉሌተሩ የሚያቃጥለው ኃይል ቀላል አይደለም፤ ከላይ ባየነው ምሳሌ ከ10 ቮልት ትንሽ በሚበልጥ አማካይ መግቢያና በ0.6 አምፔር ከ3 ዋት በላይ ወደ ሙቀት ይለወጣል። በመሆኑም ከአሉሚኒየሙ ጋር የሚያገናኘው ነጭ ቅባት ደርቆ ዱቄት ከሆነ አሮጌው ተጠርጎ በስሱ አዲስ ይቀባ።

አሁን ብዙ ጀማሪ የሚሳሳትበት ቦታ ደረስን። 78 ተብሎ የሚጀምረው ፖዘቲቭ ሬጉሌተር ጽሑፉ ወደ እርስዎ ዞሮ ሲታይ እግሮቹ ከግራ ወደ ቀኝ መግቢያ፣ ግራውንድ፣ መውጫ ናቸው፤ 79 ተብሎ የሚጀምረው ኔጌቲቩ ግን ግራውንድ፣ መግቢያ፣ መውጫ ነው። የጀርባው ብረት በሁለቱም ከመካከለኛው እግር ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ የ78ቱ ብረት ግራውንድ ሲሆን የ79ኙ ብረት የኔጌቲቩን መግቢያ ቮልት ይይዛል። ስለዚህ ኔጌቲቩ ከአሉሚኒየሙ ወይም ከሳጥኑ ጋር የሚለየው የማይካ ወይም የጎማ ቅጠልና ለብሎኑ የፕላስቲክ ቀለበት ያስፈልገዋል። ከታሰረ በኋላም፣ መብራት ከመሰጠቱ በፊት፣ በጀርባው ብረትና በሳጥኑ መካከል ኦም ተለክቶ ምንም ግንኙነት አለመኖሩ ይረጋገጥ።

መልሶ ማገናኘት

ሁሉም ቮልቶች ያለ ጭነት ትክክል ከሆኑ በኋላ ዋናው ቦርድ ከመገናኘቱ በፊት በእሱ ወገን፣ በ5 ቮልቱ እግርና በግራውንድ መካከል፣ ኦም ይለካ። ከረንቱ ካፓሲተሮቹን እየሞላ ንባቡ ከፍ እያለ ከሄደ መልካም ነው። ከጥቂት ኦም በታች ሆኖ ከቆመ በቦርዱ ላይ ሾርት አለ፤ ቀድመው የሚጠረጠሩት የውኃ ጠብታ የመሰሉት ትናንሽ ታንታለም ካፓሲተሮች ናቸው፣ ሲሞቱ አብዛኛውን ጊዜ ሾርት ሆነው ይሞታሉና።

ከዚያ ኮኔክተሩ ይገባል፣ መሣሪያው በአምፖሉ በኩል ይሰካል፣ ስክሪኑ ሲበራም ሁሉም ቮልቶች እንደገና ይለካሉ። አምፖሉ በመስመሩ ላይ ስላለ ጥቂት ዝቅ ማለታቸው አያስደነግጥም። አምፖሉ ደብዛዛ ሆኖ ከቆየ እሱ ወጥቶ መሣሪያው በቀጥታ ይሰካና ቢያንስ ለአንድ ሰዓት እየተጫወተ ይቆይ፤ ከሙቀት ጋር የሚመጣ ብልሽት በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አይታይም። በየ15 ደቂቃው 5 ቮልቱ ይለካ፣ ስፒናው እየተነቀለም ትራንስፎርመሩ በእጅ ጀርባ ይዳሰስ፤ መሞቁ የታወቀ ነው፣ እጅ ማሳረፍ የማይቻልበት ደረጃ ከደረሰ ግን ወይ ጭነቱ በዝቷል ወይ ቮልቱ ትክክል አይደለም።

መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር የሚኖር ባለቤት መብራት ሲጠፋ ማብሪያውን ብቻ ሳይሆን ስፒናውን እንዲነቅል ይነገረው፤ ሲመለስ ለአፍታ ከፍ ብሎ የሚመጣው ቮልት በመጀመሪያ የሚያገኘው ይህንኑ ትራንስፎርመር ነው። ክዳኑ ሲዘጋ በውስጡ የተቀየሩት ዕቃዎች ዝርዝርና ቀኑ በትንሽ ወረቀት ተጽፎ ይለጠፍ፤ በጀርባው ደግሞ፣ በተለይ መሣሪያው የ120 ቮልት ከሆነ፣ በማይለቅ ቀለምና በትልቁ “120 ቮልት ብቻ” ተብሎ ከገመዱ መግቢያ በላይ ይጻፍበት።